ከመጋረጃው ወዲያ እንዲሰማ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

ወንድሜ አብዱሰላም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ስለሆንክ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ሱቁን ዛሬ ጠረግሁት። ጠረጴዛው ላይ በጣሳ ክዳን የሸፈንካቸውን ብሎኖች አልነካሁም። ለመስጊዳችን፣ ለሴቶቹ ክፍል ብለህ የጀመርካቸው ሁለቱ ረጃጅም ስፒከሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ አልቋል። የሁለተኛው ሣጥን ቀለሙ ደርቋል፤ ሽቦው ግን አልገባም።

ከባቲ ሰርግ ስትመለስ ያ መኪና ከተገለበጠ ወር ሊሞላው ነው። ለቅሶው ሲያበቃ፣ በጁምዓው፣ ሼህ ሙሀመድኑር መስጊድ ውስጥ ዱዓ አደረጉልህ። እኔ ከፊት ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ። እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ቤት ስንገባ፣

«ስሙን ጠሩት?» አለችኝ።

«ጠሩት እንጂ እማዬ። ብዙ ጊዜ ጠሩት።»

«አንድም ቃል አልለየሁ። የሚጮኽ ነገር ነው የምሰማው። ሲያርፉ እየጠበቅሁ አሚን እላለሁ» አለች። የተባለውን ልነግራት ጀመርኩ፤ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «ካንተ አፍ አይደለም የምፈልገው።»

ትልቁ ሰደቃህ አዝመራው ከገባ በኋላ ጥር ላይ ነው። ያን ቀን እማዬ ያንተን ዱዓ በገዛ ጆሮዋ እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስለዚህ ስፒከሮቹን መጨረስ አለብኝ። «ስፒከር የሠራ ሰው ጆሮውን ብቻ ካመነ የገዛ ልጁን እንደሚያሞግስ አባት ነው፤ መለካት አለበት» ትል ነበር። ሳውንድ ካርዱ እዚህ አለ። የመለኪያ ማይኩ ግን መኪናው ላይ ነበር፤ ተሰብሮ አመጡልን።

ካርዱን የላከችልህን ፊርደውስን ልጠይቅ አስቤያለሁ። ችግሩ እሷ አልተነገራትም። እማዬ «የአክስቴ ልጅ በሰው አገር ብቻዋን ነች፤ ማን አቅፎ ያስለቅሳታል? ሄዶ በአካል የሚያረዳት ሰው እስክናገኝ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብላለች። «ስልክም እንዳትደውልላት፤ ድምፅህ ይነግራታል። ጻፍላት። ሄዷል በላት። ሄዷል ማለት ውሸት አይደለም።»

እንግዲህ ባንተ ኢሜይል ልጽፍላት ነው። አውፍ በለኝ።

ታናሽ ወንድምህ ኑርሁሴን


ከሚሴ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018

ለተከበርሽው እህቴ ፊርደውስ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላህ። በያለሽበት ሰላም ይብዛልሽ፤ የእጅሽን ሥራ አላህ ይባርክልሽ። እማዬ መሪማ «ዓይኖቿን ሳምልኝ» ብላሻለች። ጤፍ ጨፋ በኩል አምሯል፣ ማሽላውም ደህና ነው።

የምጽፍልሽ ኑርሁሴን ነኝ፤ ትንሹ። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። አብዱሰላም ራቅ ብሎ ሄዷል፤ ሥራውን ለእኔ ትቶታል። ለመስጊዱ የሴቶች ክፍል የሠራቸው ስፒከሮች ከጥር በፊት ተለክተው መሰቀል አለባቸው። እሱ ሲለካ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሆኖም ማየትና መሥራት ለየቅል ነው። ማይኩ ተሰብሯል። በላፕቶፑ የራሱ ማይክ ብለካስ? ወይስ ሌላ ማይክ ልትልኪልኝ ትችያለሽ? እዚያ ለሰርግ አዳራሾች የድምፅ ዕቃ ስትገጥሙ እንዴት እንደምትለኩ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊልኝ። እንደማያውቅ ሰው ቁጠሪኝ፤ ያልኩሽ እውነት ነው።

ወንድምሽ ኑርሁሴን


ሻርጃ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018

ለወንድሜ ኑርሁሴን፣

ወዓለይከ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እናትህን አላህ ያቆይልኝ፤ ጉልበቷን ሳምልኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ አብዱሰላም የጻፍከውን አንብቤያለሁ። አላህ ያለበትን ያሳምርለት።

ማይኩን ወደ አገር ቤት ከምትመጣው ከሰብሪና ጋር ልኬልሃለሁ፤ በዚህ ሳምንት ትገባለች። የላፕቶፑን ማይክ እርሳው። ላፕቶፕ የተሠራው ሰው ከሰው እንዲያወራበት ስለሆነ ድምፁን ሳትጠይቀው «ቆይ ላሳምርልህ» እያለ ይቆራርጠዋል፤ የራሱም ሹሹታ አለው። ውጭ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያቀብል።

ግን እሱንም ዝም ብለህ አትመነው። ጤፍ የሚሰፍር ሰው መጀመሪያ ቁናውን ያያል። ስለዚህ ማይክ ሳትሰካ በፊት የካርዱን መውጫ ከራሱ መግቢያ ጋር በአጭር ገመድ አገናኝና ለካ። ላፕቶፑ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ፉጨት ያሰማል፤ ካርዱ ያንኑ ራሱ ይሰማል። መስመሩ ቀጥ ካለ ቁናህ ጤነኛ ነው። ካልሆነ ጉድለቱን መዝግቦ ከየልኬቱ ላይ እንዲቀንስልህ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ነገር በምንም ዓይነት አታድርግ፤ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን የአምፕሊፋየሩን ሽቦ ካርዱ ውስጥ አትሰካ። ያቃጥለዋል። እኔ እዚህ በመጣሁ በዓመቴ፣ ገና ጽዳት ላይ እያለሁ፣ ሰው ሳያየኝ ልሞክር ብዬ አንዱን አቃጥያለሁ። አለቃዬ ተቆጥቶ ሲያበቃ «በይ እንግዲህ ተማሪ» አለኝ፤ ከመጥረጊያ ወደ ማይክ የገባሁት በዚያ ነው። አንተ ግን በሌላ መንገድ ግባ።

እህትህ ፊርደውስ


ከሚሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018

እህቴ ፊርደውስ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። ሰብሪና ማይኩን ሻንጣዋ ውስጥ ከካልሲ ጋር ጠቅልላ አምጥታልናለች። እማዬ ስታያት አለቀሰች። ስለ ናፈቀቻት ነው። ማይኩንም ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛ ቆየች።

ካርዱን እንዳልሽው በገመድ ለካሁት፤ መስመሩ ቀጥ አለ። ደስ አለኝና ያለቀውን ስፒከር ሱቅ ውስጥ አቁሜ ለካሁ። የወጣው ስዕል የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ሦስት ጊዜ ቦታ ቀያየርኩ፣ ያው ነው። ጓደኛዬ ዑመር ስዕሉን አይቶ «ይሄ ስፒከር ሳይሆን ፈረስ ነው፤ ልብ ምቱን ነው የለካኸው» አለኝ።

ስፒከሩ ተበላሽቷል ማለት ነው? አብዱሰላም እንዲህ አድርጎ አይሠራም። በጆሮዬ ስሰማው ጥሩ ነው። ማንን ልመን?

ባለፈው ስለ እሱ ብዙ አልጠየቅሽኝም። አመሰግናለሁ ለማለት ያህል ነው።

ኑርሁሴን


ሻርጃ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018

ኑርሁሴን፣

አብሽር። ጆሮህም አልዋሸም፣ ስፒከሩም አልተበላሸ። ካርዱ ፊት ላይ ማይኩ የሚሰማውን በቀጥታ ወደ መውጫው የሚመልስ ቁልፍ አለ። ዘፋኝ የራሱን ድምፅ እንዲሰማ የተሠራ ነው። እሱ ተከፍቶ ይሆናል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በማይኩ ገብቶ እንደገና በስፒከሩ ይወጣል፤ ራሱን በራሱ ያጠፋል፣ ራሱን በራሱ ያጎላል። ዝጋው።

ሁለተኛ፣ ሱቃችሁ ጠባብ ነው። አራት ግድግዳ፣ አራት ሐሜተኛ፤ የሰሙትን ሁሉ መልሰው ያወራሉ። ስፒከሩን ብቻውን መስማት ከፈለግህ ግድግዳ የሌለበት ቦታ ውሰደው። እኛ እዚህ እንዲህ ያለ ቦታ በኪራይ ነው የምናገኘው። እናንተ ጨፋ ሜዳ አላችሁ። በማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ሂድ። ማይኩን ከፍ አድርገህ አታቁመው፤ መሬት ላይ ሳንቃ አንጥፈህ አስተኛው። ከመሬት የሚመለሰው ድምፅ ከቀጥተኛው እኩል ይደርስና አያምታታህም።

አመሰግናለሁ ማለት አያስፈልግም።

ፊርደውስ


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018

እህቴ ፊርደውስ፣

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ቁልፉ ተከፍቶ ነበር። ዑመር እስካሁን «የፈረሱ ልብ ዳነ ወይ?» ይለኛል።

ሁለተኛውን ስፒከር ሽቦውን አስገብቼ በስታኞ በየድኩና ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም በዑመር ወንድም ባጃጅ ጭነን ጨፋ ሜዳ ወረድን። አምፕሊፋየሩን ከባጃጁ ባትሪ ጋር አያያዝነው። ጤዛው ገና አልረገፈም ነበር። ሣሩ ለከብት ደርሶ አርብቶ አደሮች ገብተዋል፤ ሜዳው ላይ ከብቱ እስከ ውሃው ድረስ ተበትኗል።

የመጀመሪያው ፉጨት ሲወጣ ከብቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። አንድ አዛውንት በትራቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ መጡ።

«አከም ጂርቱ» አሉን፤ ደህንነታችንን ጠየቁ። ከዚያ ስፒከሩን በበትራቸው አመለከቱ። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?»

«ለመስጊድ ነው አባባ። እየለካነው ነው።»

«ርዝመቱን?»

«ድምፁን።»

ትንሽ አሰቡ። «የኔ ላም አንዲት አለች፤ ከሩቅ ስጠራት የማትሰማ። እሷንም ለካልኝ።»

ዑመር መሬት ላይ ተኝቶ ሳቀ። አዛውንቱ ግን የምራቸውን ነበር። ፉጨቱ እንዳይበላሽ ብለን ዝም በሉ ስንላቸው እረኞቹን ሁሉ በኦሮምኛ ተቆጥተው ዝም አሰኙልን፤ ላሟን ብቻ አልቻሏትም።

የአብዱሰላም ስፒከር መስመሩ የሚያምር ነው። ሰው በሚናገርበት ድምፅ ክልል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ የጨረስኩት ደግሞ መስመሩ ተመሳሳይ ሆኖ ምልክቱ ተገልብጦ ወጣ፤ የሱ ወደ ላይ ሲነሳ የኔ ወደ ታች ይወርዳል። ሽቦዎቹን አቀያይሬ መበየዴን ያወቅሁት ያኔ ነው። እዚያው ፈትቼ ሽቦዎቹን በመጠምዘዝ አስተካከልኩት። እንደገና ስለካ ሁለቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተኙ፤ የትኛው የሱ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ዑመር «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ ነው አልኩት።

ሆኖም ትናንት መስጊዱ ውስጥ ሰቅለናቸው እማዬን ከመጋረጃው ወዲያ አስቀምጬ ሼሁ ሲናገሩ «ተለየልሽ?» ብላት «ከበፊቱ ይሻላል» አለች። እማዬ ይሻላል ካለች አልሆነም ማለት ነው።

ኑርሁሴን


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018

ኑርሁሴን፣

ለከብቶቹም ለአዛውንቱም ሰላም በልልኝ። ደብዳቤህን ሥራ ቦታ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ላሟ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለ ሁለቱ መስመሮች የጻፍከውንም አሳየሁት፤ ያንን ያለ ትርጉም ገባው።

አሁን ስፒከሩን ተወው፤ እሱ ተፈትኖ አልፏል። ቤቱን ለካ። ማይኩን እናትህ በምትቀመጥበት ቦታ፣ በተቀመጠች ሰው ጆሮ ቁመት አድርገው። ካርዱ ሁለት መግቢያ አለው። በአንዱ ማይኩ፤ በሌላው ግን የካርዱን መውጫ በገመድ መልሰህ አስገባ። ያኔ ላፕቶፑ ድምፁ መቼ እንደተነሳና እናትህ ጆሮ ጋ መቼ እንደደረሰ ያውቃል። አንድ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው መድረስ ያለበት። ሁለት ጊዜ ከደረሰ ሁለተኛው ከየት እንደመጣ ፈልግ።

እናትህ ስሙን ትሰማለች ኢንሻአላህ።

ፊርደውስ


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018

እህቴ ፊርደውስ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። «ስሙን ትሰማለች» ብለሽ ጽፈሻል። የማንን ስም እንደሆነ እኔ አልጻፍኩልሽም ነበር። የሼሁን ስም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሁለት ጊዜ ነው የሚደርሰው። አግኝቼዋለሁ። መጀመሪያ ከአጠገብ ካለው ከአብዱሰላም ስፒከር፣ ቀጥሎ ዘግይቶ ከፊት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ከትልቁ ጡሩምባ ስፒከር። የመጀመሪያው ቃል ሳያልቅ የኋለኛው ይገባበታል። ጡሩምባው ደግሞ ተራ ጡሩምባ አይደለም። ሀጂ አብዱልጀባር በሟች እናታቸው ስም የሰጡት ነው። ዙህር ተሰግዶ ሰው ሲወጣ እሳቸውና ሼህ ሙሀመድኑር ቀሩ።

«የእናቴን ጡሩምባ ልታወርድ ነው የመጣኸው?» አሉኝ ሀጂ።

«አይደለም ሀጂ፣ ልለካ ነው።»

«ጡሩምባ ይለካል? ጤፍ ነው?»

ስዕሉን አሳየኋቸው። ሁለቱን ጫፎች በጣቴ አመለከትኩ። «ይሄ ሼሁ ሲናገሩ ነው። ይሄ ደግሞ ያው ቃል ዘግይቶ በጡሩምባው ሲመጣ።»

«ዱዓ ሁለት ጊዜ ቢሰማ ምን ይጎዳል?»

ከመጋረጃው ወዲያ እማማ ጀነት ነበሩ፤ መስጊዱን የሚጠርጉት። «ሀጂ፣ ሁለት ሰው ባንዴ ቢያወራዎ ማንን ይሰማሉ? እኛ እዚህ ድምፁ ሲያርፍ ነው አሚን የምንለው። ባለፈው የጠፋ በሬ ሲያስነግሩ አሚን ብለናል።»

«በሬው ግን ተገኘ» አሉ ሼሁ።

ሁላችንም ሳቅን፤ ሀጂ ግን ቶሎ አቆሙ። «እናቴ ይሄ ጡሩምባ በተናገረ ቁጥር ምንዳ ይደርሳታል። ዝም ካሰኛችኋት ያ ይቋረጣል። እናንተ ስለ ድምፅ ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ እናቴ ነው የማወራው።»

እኔም ስለ እናቴ ነው የማወራው ልላቸው ነበር። ግን ልክ ነበሩ። ላፕቶፑን ዘጋሁ። ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ኋላ ነው የመጣልኝ፤ ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል ያሉት ገበሬዎች አዛን አይሰሙም። ሚናራው ላይ ያሉት ሁለቱም ጡሩምባዎች ወደ መንገዱ ነው የዞሩት።

«ሀጂ፣ ውጭ ወጥታ ወደ ቦርከና ብትዞርስ? ዝም አትልም። በቀን አምስት ጊዜ ትናገራለች። እዚህ የሚሰማት ይሄ ሰው ነው፤ እዚያ ማሳው ሁሉ ነው።»

ሀጂ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። ሼሁ «ተዋቸው፤ ልጅ ናቸው አሁን» አሉኝ። ሀጂ ሰባ ያለፋቸው ናቸው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሀጂ መሰላል አሸክመው መስጊዱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ማንም እንዳይነካት። እኔ ራሴ ነኝ የምሰቅላት» አሉ። መሰላሉን እኔና ዑመር ያዝን።

ሌላ ማይክም ገመድም እንዳትልኪ፤ በቂ አለኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጥር 8 ጁምዓ ነው፤ ባለሽበት ዱዓ አድርጊልን።

ኑርሁሴን


ከሚሴ፣ ጥር 9 ቀን 2018

ለእህቴ ፊርደውስ፣

አላህ ልብሽን ያጽናልሽ። ይሄን ደብዳቤ ከማንበብሽ በፊት እዚያው ያለችው የከሚሴዋ ዘይና ቤትሽ መጥታ ይሆናል። እማዬ ደውላላት «በጠዋት፣ ከሰዎች ጋር ሆነሽ ሂጂ» ብላታለች። ካልመጣች እባክሽ እዚህ ላይ አቁሚና እስክትመጣ ቆዪ።

አብዱሰላም መስከረም ላይ ከባቲ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ አርፏል። ሄዷል ብዬ የጻፍኩልሽ ይሄንን ነው። ደብቀንሽ ነው። ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብለን ነው። አውፍ በይን።

ትናንት ሰደቃው ነበር። መስጊዱ ሞልቶ ሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ሼህ ሙሀመድኑር ዱዓውን ሲጀምሩ እኔ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ላፕቶፕ አልያዝኩም። የማዳምጠው ሼሁን አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን አሚን ነበር። ድሮ የወንዱ አሚን ይመጣል፣ ቆይቶ የሴቶቹ ይከተላል፣ እንደ ተራራ ማሚቶ። ትናንት አንድ ላይ መጣ። እየደጋገመ አንድ ላይ መጣ። ሼሁ እንኳን አንዴ ቆም ብለው ወደ መጋረጃው አዩ።

ማታ እማዬ ጎረቤት እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ ዱዓውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመችልኝ። የቱ ጋ ሼሁ እንዳሳላቸው ሳይቀር።

«ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩት» አለች። «የመሪማ ልጅ አሉት። የኔንም ስም ጠሩ።»

«ሰማሁ እማዬ።»

«ልጄ ሞቷል» አለች። እስከ ትናንት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ «ሄዷል» ነው የምትለው፤ ለአንቺ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «በቃ። አሁን ለፊርደውስ ይነገራት» አለችኝ። ደህና ተኛች። ዛሬ ጠዋት እኔን ቀስቅሳ ቁርስ የሰጠችኝ እሷ ነች።

ወንድምሽ ኑርሁሴን


ሻርጃ፣ ጥር 12 ቀን 2018

ለወንድሜ ኑርሁሴን፣

አላህ አብዱሰላምን ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው፤ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ።

ዘይና መጣች። በሩን ስከፍት ከኋላዋ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ተምር ይዛ ቆማለች። ተያየን። ዘይና ናት እኮ መስከረም ላይ፣ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ በዚሁ በር ገብታ ያረዳችኝ። ወሬ ከከሚሴ ሻርጃ ለመድረስ ከናንተ ፈቃድ አይጠብቅም። «መሪማ ደውላ አርጃት አለችኝ፤ አርድቻታለሁ እንዴት ልበላት? እሺ አልኩ» አለችኝ። አብረዋት የመጡት ሴቶች የሚያለቅሱ መስሏቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ነበር። እኔና ዘይና ሳቃችን መጣ። አስቀን ስንጨርስ አለቀስን። ተምሩን አብረን በላንና ሄዱ።

ለናንተ ያልነገርኳችሁ እናትህን ስለማውቃት ነው። ማወቄን ከሰማች የራሷን ኀዘን ትታ የኔን ልትሸከም ነው። ራሷ ንገሯት እስክትል ልጠብቅ አልኩ። መጀመሪያ መልስ የዘገየሁብህም ለዚህ ነበር፤ በሱ አድራሻ የሚመጣውን ደብዳቤ ለመክፈት ጉልበት እስካገኝ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። የስሙን ነገርም አምልጦኝ ነው የጻፍኩት።

እናትህን ሁሉም ሰው ያጽናናል። እኔን ዘይና አጽናናችኝ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። አንተን ግን የጠየቀህ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ስለ ገመድና ስለ ማይክ ብቻ ጻፍኩልህ። ሰው ሁሉ ተበትኖ ብቻህን የቀረህበት የመጀመሪያው ጠዋት እንዴት ነበር? ምን አደረግህ? ስትችል ጻፍልኝ።

እህትህ ፊርደውስ


ከሚሴ፣ ጥር 15 ቀን 2018

እህቴ ፊርደውስ፣

አላህ ደስታሽን ያብዛው። የዘይናን ነገር ለእማዬ አነበብኩላት። «እኔን ሲያታልሉኝ ከረሙ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። ትደውልልሻለች።

የጠየቅሽኝን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ልንገርሽ።

ለቅሶው ሲያበቃ አክስቴ እማዬን ትረፍ ብላ ወደ ጨፋ ሮቢት ወሰደቻት። እኔ ትምህርት ስላለብኝ ቀረሁ። ያደርኩት ሱቁ ጀርባ፣ ከአብዱሰላም ጋር በምንተኛባት ክፍል ነው። ሱብሂን ሰግጄ ተመልሼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። እሱ ጠዋት ጠዋት አምፕሊፋየር ሲሞክር ነበር የምነሳው፤ ስለዚህ መቼ መነሳት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ፀሐዩ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲወርድ እያየሁ ተጋደምኩ።

የሱቁ በር ተንኳኳ። «አብዱሰላም! ያ አብዱሰላም!»

«አቤት» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ከፈትኩ። የማላውቃቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በሽርጥ የተጠቀለለ ራዲዮ ታቅፈዋል። ከሩቅ ነው የመጡት፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል።

«አብዱሰላም የለም?»

«ሞቷል» አልኳቸው።

ያን ሁሉ ቀን ሌላ ሰው ሲለው ነበር የምሰማው። ከኔ አፍ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ሽማግሌው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባጃጆች አለፉ፤ ዳቦ የምትሸጥ ልጅ አለፈች። በኋላ ሽማግሌው ተነስተው ራዲዮአቸውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ።

«አባባ፣ ይስጡኝ ልየው።»

«አንተ ትችላለህ?»

«እንጃ። ልየው።»

ከፍቼ አየሁት። ከስፒከሩ አንዷ ሽቦ ወልቃለች፤ ሌላ ምንም የለበትም። መበየጃውን አሙቄ በስታኞ በየድኳት። አልያዘልኝም፤ ሁለተኛ በየድኳት። ሲከፈት በኦሮምኛ የገበያ ዋጋ እያወራ ነበር። ሽማግሌው ጆሯቸው ላይ አድርገው የማሽላ፣ የጤፍ፣ የፍየል ዋጋ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

«ድምፁ በፊት እንዲህ አልነበረም» አሉኝ።

«ተበላሸ?»

«አይ። አሁን ጮኸ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ። አመሰግናለሁ ልጄ።»

ሄዱ። ራዲዮው እየተናገረ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተሰማኝ። መበየጃውን ነቀልኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤ ሱቁን ቆልፌ ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል። የፊዚክስ መምህራችን በሩ ላይ አቁመው «ለምን ዘገየህ?» አሉኝ። «ሥራ ነበረብኝ» አልኳቸው። «ግባ» አሉኝ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ወንድምሽ ኑርሁሴን